የማለዳዋ ጀልባ ሦስት ፎቶዎች

ሰብለ ወንጌልን በመልክ የማያውቃት የባሕር ዳር ሰው እንኳ የእጇን ሥራ ሳያይ አልቀረም። በሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በብዙዎቹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የማለዳ ጣና የእሷ ነው። ሰማዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀልቶ፣ ውሃው ከሥሩ እያብለጨለጨ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ የደንገሉ ዘንግ አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ይታያል። ቱሪስት በነበረ ጊዜ ቱሪስት ይገዛት ነበር። ቱሪስት ሲጠፋ ሙሽሮች ገዟት። ሙሽራም ሲቀንስ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ማንሳት ቀጠለች።

ፎቶ ቤቷ ገበያው አጠገብ፣ ከኢስሀቅ የሞባይል መጠገኛ ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ የተለየች ክፍል ናት። ግድግዳው የጋራ ስለሆነ ወሬውም የጋራ ነው። እኔም ለጉርድ ፎቶ ገብቼ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሻዩም ጨዋታውም አልተቋረጠም። እዚህ የምጽፈውን ገሚሱን ከእሷው አፍ፣ ገሚሱን ከኢስሀቅ ነው የሰማሁት።

አባቷ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ድጓ ያስተምራሉ። ሰብለ ባል ፈትታ ወደ እሳቸው ቤት ከተመለሰች ወዲህ አብረው ይኖራሉ። በካሜራ መተዳደሯን መጀመሪያ አልወደዱላትም ነበር።

«ጥላ እኮ ነው የምትሸጭው» ይሏታል።

«አባየ፣ እርስዎስ ድምፅ አይደል የሚያስተምሩ? እሱስ በእጅ ይያዛል?» ትላቸዋለች። ይስቃሉ።

ስለ ሥራዋ ስታወራ ፊቷ ይፈካል። «ዐይን ቸር ነው» ትላለች። «ሰማዩንም ምድሩንም እኩል ያያል። ካሜራ ግን ስስታም ነው። ሰማዩን ካየ ምድሩን ከሰል ያደርገዋል፤ ምድሩን ካየ ሰማዩን እንደ ወረቀት ያነጣዋል።» ስለዚህ አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ታነሳለች። መጀመሪያ አጨልማ ነው፤ የሰማዩን ቀለም የሚይዘው ይኼኛው ነው። ቀጥላ መካከለኛውን። መጨረሻ ላይ ደግሞ አብርታ፤ በጥላ ውስጥ የተደበቀው ሁሉ የሚወጣው በዚህኛው ነው። ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ ሦስቱን ትደራርብና ፕሮግራሙ ከየአንዳንዱ መልካም መልካሙን መርጦ አንድ ፎቶ ያደርጋቸዋል።

ኢስሀቅ ይህን በሰማ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ ይጮሃል። «ሦስት አንስታ አንድ የምትሸጥ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዱን ስልክ ሦስት ጊዜ ጠግኜ ሦስት ጊዜ አስከፍልበታለሁ!»

«ለዚህ ነው ደንበኞችህ ሲያዩህ መንገድ የሚቀይሩት» ትለዋለች።

የዚህ ሥራ ጠንቁ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ካሜራዋ አሮጌ ስለሆነ ሦስቱን በራሱ አከታትሎ አያነሳላትም፤ ተንበርክካ ብርሃኑን በጣቷ እያስተካከለች አንድ አንድ እያለች ነው የምታነሳው። በዚህ መሀል የተራመደ ሰው ካለ፣ ፎቶዎቹ ሲደረቡ ያ ሰው እንደ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሰውም አይደለ፣ አየርም አይደለ። የፎቶ ሰዎች «መንፈስ» ይሉታል። ይህን የሚያጸዳ ቁልፍ ፕሮግራሙ አለው። ቁልፉ ሲነካ መካከለኛው ፎቶ እንደ እውነተኛ ይያዛል፤ በሌሎቹ ላይ ኖሮ በእሱ ላይ የሌለ ሰው ይጠፋል። ሰብለ ይህን ቁልፍ ወጥ ላይ ጨው እንደሚጨምር ሰው ሳታስብ ነበር የምትነካው።

ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ማለዳ ላይ አባራ። ሰብለም ካሜራዋን ይዛ ከከተማው ወጣ ብላ የግል ጀልባዎች ሰውና ጭነት ወደሚጭኑባት ዳርቻ ወረደች። ወደ ደቅ ደሴት የምትሄድ ጀልባ ቆማለች። ተሳፋሪው ቦታ ቦታውን ይዟል፤ በጭነቱ ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል፤ ከዳርቻው ወደ ጀልባዋ መወጣጫ ሳንቃ ተጋድሟል። ሰብለ ከደንገሉ ጀርባ ተንበርክካ ሦስቱን አነሳች። ማንም ልብ አላላትም። ጀልባዋ ሄደች፤ እሷም ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ያች ጀልባ ደቅ አልደረሰችም። ማዕበል ገለበጣት። ጀሪካን ላይ ተንጠልጥለው የተረፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። የሌሎቹ አስከሬን ውሃው እንደፈቀደ እየወጣ ተቀበረ።

ሰብለ ወሬውን የሰማች ቀን ታመመች። ፎቶውን መክፈትም አቃታት። ዘመን መለወጫው ሲቃረብ ግን አንድ የቀን መቁጠሪያ የሚያሳትም ነጋዴ የጣና ፎቶ ፈልጎ መጣ። አባቷን አማከረቻቸው። «ለመታሰቢያ ይሁንላቸው» አሉ መሪጌታ። «ዓመቱን ሙሉ ሰው እያያቸው ነፍስ ይማር ይላል።» ከፍታ ሦስቱን ደረበች፤ ያንንም ቁልፍ እንደ ልማዷ ነካች። ፎቶው አማረ። ከሥሩ «በሐይቁ ለቀሩት መታሰቢያ» ተብሎ ተጻፈበት። የሟቾቹ ፊት ትንሽ ቢሆንም ለወገን ይለያል፤ ስለዚህ ደቅ ላይ ብዙ ቤት ያን የቀን መቁጠሪያ ሰቀለው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ እድሜያቸው የገፋ ሴት እግሯ የታሰረ ዶሮ አቅፈው ከፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«የፎቶዋ ባለቤት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ እናቴ። ይግቡ፣ ይቀመጡ። ጉርድ ነው ሙሉ?»

«እኔስ ፎቶ አልፈልግም። ይህችን ላደርስልሽ ነው።» ዶሮዋን ጠረጴዛው ሥር አኖሩና የሰብለን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። «ልጄን ከሞት ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ሰብለ እጇን ለማስለቀቅ እየታገለች ኢስሀቅን በግድግዳው በኩል ጠራችው፤ ሰው የተሳሳቱ መስሏታል። ሴትየዋ ግን ተቀምጠው ከመቀነታቸው ውስጥ የተጣጠፈ የቀን መቁጠሪያ አወጡ። ወለተ ሩፋኤል ይባላሉ። የደቅ ሰው ናቸው። አንዳርጋቸው የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ ባሕር ዳር በግንባታ ሥራ ላይ ነበር። ክረምት ላይ «ከቀናኝ ለፍልሰታ እገባለሁ፤ ካልሆነም ከልጆቹ ጋር ለሰሊጥ መተማ እወርዳለሁ» ብሎ ላከባቸው። ከዚያ ጀልባዋ ሰጠመች። ልጁ ይኑርባት አይኑርባት የሚያውቅ ጠፋ። የተረፉት ሁለቱም «ማዕበሉ ሲነሳ ሁሉም ሸራ ተከናንቦ ነበር፤ ማንን ለየን?» አሉ።

«ሰው ሁሉ እርምሽን አውጪ አለኝ» አሉ ወለተ ሩፋኤል። «ቄሱ ሳይቀሩ ፍትሐት እናድርስለት አሉኝ። እኔም ልቤ ሊያምናቸው ምንም አልቀረው። ኋላ ይህች መጣች።» በጣታቸው ፎቶውን ነኩ። «ይኸውልሽ፣ ሁሉም አሉ። ይህ ጎረቤቴ ኪዳነ ወልድ ነው። ይህች አደይ ናት፣ ከነዘንቢሏ። ነፍሳቸውን ይማር። የኔው ግን የለም! ደጋግሜ አየሁ፤ የለም። ቄሱ ዳግመኛ ሲመጡ፣ በቁሙ ላለ ልጅ ፍትሐት? ሟርታችሁን ከደጄ ይዛችሁ ጥፉ ብየ አባረርኋቸው።»

«ታዲያ ልጅዎ የት ነው?» አለች ሰብለ።

«መተማ ነዋ! መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። አሁን ሌሎቹ ተመልሰው ገቡ፤ እሱ ቀረ። ታሞብኝ ይሆናል። በሬዎቼን ሸጨ ላመጣው እየሄድሁ ነው። ነገ ጧት መኪና አለ ብለውኛል።»

«እናቴ፣ በዚያ መንገድ? ሰው ይታገትበታል እኮ!»

«የኔን አጥንት አግተው ምን ሊጋግጡት?» ሳቁ። «አንቺን ግን ሳላመሰግን አላልፍም ብየ ነው።»

ኢስሀቅ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሰብለ ሻይ ላስመጣ ብላ ወጣችና በክንዱ ይዛ ሱቁ ውስጥ አስገባችው።

«ምን ሆነሽ?»

«ኢስሀቅ፣ ፎቶው ላይ የሌለ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ሳነሳ የተንቀሳቀሰውን ፕሮግራሙ ያጠፋል። እኔ ነኝ የማዘው።»

«እና ልጁን ያየሽው አለ?»

«አላየሁም። ግን እያንዳንዱን ለየብቻ አላየሁትም። ደረብሁና ነካሁት፤ አለቀ።»

«አትክፈችው» አለ ኢስሀቅ። «ምን አገባሽ? ተስፋ ይዛ መጣች፤ ተስፋዋን ይዛ ትሂድ።»

«የምትሄደው እኮ መተማ ነው። በሬ ሸጣ። በፎቶዬ ተማምና።»

«ባይኖርበትስ?»

«ባይኖርበት የሚቀርባት ነገር የለም። ካለበትስ?»

የኢስሀቅ አባት የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ናቸው፤ ሰፈራቸው ውሃ የወሰደውን ሰው መጠበቅ ያውቃል። ስልክ መፍቻውን በጣቱ እያሽከረከረ ቆየና እንዲህ አላት፦ «እማየ ዘይቱና ወንድሟን ጣና ከወሰደባት እኔ ገና አልተወለድሁም። አስከሬኑ አልተገኘም። ዛሬም ድረስ በር ሲንኳኳ ከሁላችን ቀድማ የምትነሳ እሷ ናት። በጉልበቷ መቆም አቅቷት እንኳ።» መፍቻውን አስቀመጠው። «ክፈችው። እኔም እገባለሁ።»

ፎቶዎቹ ሊጠፉ ይገባ ነበር። ሰብለ ቦታ ሲጠብባት የተደረበውን አስቀርታ ጨለማውንና ብሩሁን ትሰርዛለች፤ ያን ሰሞን ግን መብራት እየጠፋ ሥራው ተወዘፈ፣ ኋላም ተረሳ። አቧራ የለበሰውን ማከማቻ ሰካችው። አለ። ሦስቱም አሉ።

ከመክፈቷ በፊት ወንበሯን ወደ ወለተ ሩፋኤል አዙራ ተቀመጠች። «እናቴ፣ ይህን ፎቶ የሠራሁት ከሦስት ፎቶ ነው። አንዱ ላይ ቆሞ ሌላው ላይ የሄደ ሰው ካለ፣ ይጠፋል።»

«ሰው ከፎቶ ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«እስቲ አብረን እንይ» አለች ሰብለ።

መካከለኛው የቀን መቁጠሪያው ራሱ ነው። ሁሉም በየቦታው፣ ሳንቃው ባዶ። ወለተ ሩፋኤል «ይኸው፤ አላልሁሽም?» አሉ፤ ዶሮዋም ከጠረጴዛው ሥር አስካካች።

ብሩሁ ላይ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኗል። የተሳፋሪዎቹም ፊት ነጥቶ ጠፍቷል። ሸራው ግን በደንብ ይታያል። የሸራው አንዱ ጠርዝ ከፍ ብሏል፤ ከውስጥ በኩል የያዙት የሰው ጣቶች ናቸው። መካከለኛው ላይ ያ ጠርዝ ተዘግቶ ነበር።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አሉ ወለተ ሩፋኤል። ሰብለ ወደ ሦስተኛው አለፈች።

ጨለማው ተከፈተ። ሰማዩ እሳት ይመስላል፤ ከሰማዩ በታች ሁሉም ነገር ጥቁር ነው። ግን በውሃው ነጸብራቅ ላይ ሳንቃው እንደ መስመር ተሰምሯል፤ በሳንቃው ላይ አንድ ሰው አለ። አንድ እግሩ ሳንቃው ላይ፣ አንድ እግሩ ጀልባዋ ውስጥ፣ ወደ ሸራው ጎንበስ ብሎ። ጫማው በማሰሪያው ተቋጥሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ወለተ ሩፋኤል ወደ መስኮቱ ፊታቸውን መለሱ። «ጫማው እንዳይርስበት አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ስንቱ ነው? ሀብታሙ ነው በእግሩ አድርጎ የሚያበሰብሰው። የድኻ ልጅ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርግ።»

«ልክ ነዎት» አለ ኢስሀቅ። «እኔም እንዲያ ነው የማደርግ።»

ሰብለ ግን እጇ አላቆመም። ጥላውን ቀስ በቀስ ወደ ብርሃን ትስበው ጀመር። ምስሉ አሸዋ እንደተነሰነሰበት ሻከረ። ትከሻው ወጣ፣ ክንዱ ወጣ። ፊቱ ወደ ጀልባዋ ዞሯልና አይታይም። ከብብቱ ሥር ግን አንድ ረዘም ያለ ነገር ታቅፏል። መጀመሪያ ዱላ መሰላት። ብርሃኑን ስትጨምር ቀለም ወጣ፤ ቀይ ነው።

«ምንድነው እሱ?» አሉ ወለተ ሩፋኤል።

«ጃንጥላ ነው፣ እናቴ።»

ሴትየዋ ተነስተው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ። የተናገሩት ለእነ ሰብለ አልነበረም፤ ለልጃቸው ነው። «ለቅዳሴ ስሄድ ዝናብ አበሰበሰኝ ብየ ላክሁብህ። ጥቁር እንዳታመጣብኝ፣ ጥቁር የለቅሶ ነው ብየ። ቀይ ይሁንልኝ ብየ።»

ኢስሀቅ ወጣና በሱቁ ውስጥ ይጮህ የነበረውን ሙዚቃ አጠፋው።

ወለተ ሩፋኤል አላለቀሱም። ተመልሰው ተቀመጡና ሰብለን ትክ ብለው አዩዋት። «ማነው እሱን አጥፋው ያለ?»

«ማሽኑ ነው እናቴ፣ የተንቀሳቀሰ ሲያገኝ...»

«ማሽኑን ማነው ያዘዘው?»

«እኔ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልሱን እንደተቀበሉ ሰው። «አርባው አለፈ። ሰማንያው አለፈ። ለአደይ ተዝካር ሲወጣ እኔ ሄጄ በላሁ። ለኪዳነ ወልድም በላሁ። ለልጄ ግን ቄስ አባረርሁ። ያለ ፍትሐት ስንት ጊዜ ቆየብኝ፤ በየት በር ላይ ቆሞ ይሆን?»

የመሪጌታ ልጅ ናትና ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ሰብለ ታውቃለች። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ወለተ ሩፋኤል ግን አልጠበቋትም። «ፎቶውን እጠቢልኝ» አሉ።

«የትኛውን?»

«ይህን። እንዳለ። እንዳታሳምሪው።»

ከሰዓት በኋላ ሰብለ ሴትየዋን ይዛ ወደ አባቷ ሄደች። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አባቴ፣ ዘግይቶብኝ ይሆን?» አሉ ወለተ ሩፋኤል።

«ፍትሐት ይዘገያል እንጂ አይቀርም፣ ልጄ። መንፈቁ የካቲት ላይ ይውላል። እናደርስለታለን፤ እኔም እመጣለሁ።» ይህን ሲሉ ቃላቸው የጸና ነበር። ሴትየዋ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጓሮ ሲወጡ ግን ወደ ልጃቸው ዞረው በቀስታ «ለመታሰቢያ ይሁን ያልሁሽ እኔ ነኝ» አሏት። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረው አያውቁም።

ወለተ ሩፋኤል መተማ አልሄዱም። የበሬዎቹ ገንዘብ ለተዝካር ሆነ።

በየካቲት ሰብለ ከአባቷ ጋር በጀልባ ወደ ደቅ ተሻገረች። ከዚያች ማለዳ ወዲህ ውሃው ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ የጀልባውን ጠርዝ እንደያዘች ነው የሄደችው። አስከሬን የለምና ለቅሶው የተለቀሰው በፎቶው ነው። በመስታወት ተደርጎ ከፍ ተደርጎ ተያዘ። ከሩቅ ለሚያየው እሳት ከመሰለው ሰማይ በታች ጥቁር ብቻ ነው፣ መካከሉ ላይ ትንሽ ቀይ ጭረት። አልቃሿ ግን አወቀችበት፦

«ጃንጥላ ቢገዛ አስቦ ለእናቱ፣
ውሃ ከሥር መጥቶ ወሰደው በከንቱ።»

ያኔ ነው ወለተ ሩፋኤል የጮኹት። ወራት ሙሉ ያልወጣ ለቅሶ ነበርና፣ ሲወጣ ለመያዝ ብዙ ሰው አስፈለገ። ሰብለን ማንም አልሰደባት፣ ማንም አልወቀሳት። ጠላ ቀዱላት፤ «የፎቶዋ ልጅ» እያሉ ቦታ ለቀቁላት። ይህ ነው የከበዳት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

አሁንም ማለዳ ማለዳ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች፤ አሁንም ሦስት ታነሳለች። ያን ቁልፍ ግን አትነካም። ደንበኞች ፎቶውን እያገላበጡ «ይህ ጭስ የመሰለው ምንድነው? አጥፊልን እንጂ» ይሏታል። «ሰው ነው» ትላለች። የሚገዛ ይገዛል፤ ብዙው ትቶ ይሄዳል። ኢስሀቅም ሦስት አንስታ አንድ ትሸጣለች የሚለውን ቀልድ ትቷል። ዶሮዋን ማን አርዶ ይብላት? ለእናቱ ለዘይቱና ወሰደላቸው፤ እንቁላሏን እየበሉ ነው።

ባለፈው ሰሞን ሻይ እየጠጣን አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ደቅ ላይ ለቀስተኛው ሲበተን ወደ ወለተ ሩፋኤል ቤት ገባች። የቀን መቁጠሪያው ከምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ዐይኗ ሊያየው አልቻለምና ልታወርደው እጇን ሰደደች።

«ተይው» አሏት ወለተ ሩፋኤል ከመደቡ ላይ ሆነው። ድምፃቸው በልቅሶ ተዘግቶ ነበር። «ዓመቱ መች አለቀና።»

እጇን ስትመልስ ፎቶውን በቅርብ አየችው። ባዶው ሳንቃ ላይ፣ ልጁ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ፣ አንድ የጧፍ ሰም ጠብታ በጣት ተጭኖ ተለጥፏል።